የፍርፋሪ ሻለቃ

በሽታ የገባበት ቤት ሁሉ በዚያው ቀን አንድ ፖሊስ ይወለድበታል። ታማሚው ገና መድኃኒቱን ከኪሱ ሳያወጣ ከቤተሰቡ አንዷ ብድግ ትልና ሹመቱን ለራሷ ትሰጣለች። ማንም አልመረጣትም፣ ማንም አልሾማትም። ስኳር በሽታ የገባበት ቤት ማንኪያ የምትቆጥር አክስት አለች፤ ደም ግፊት የገባበት ቤት የጨው ዕቃውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ የምትዞር ምራት አለች። እናንተም ታውቋታላችሁ። ምናልባትም ይህን ስታነቡ ከትከሻችሁ በላይ ቆማ እያየቻችሁ ይሆናል።

የእኛ ቤት ሹም የወንድሜ ሚስት ነበረች። ሙሉ ማዕረጓ «ክብርት ሻለቃ፣ የወጥ ቤትና የአካባቢው ጠቅላይ አዛዥ፣ የፍርፋሪ ሁሉ ደመኛ» ነው። ማዕረጉን የሰጣት ራሱ በሽተኛው ነው፤ ወንድሜ ታሞ እንኳ ቀልድ አይተወውም። እኛ ባጭሩ ሻለቃ እንላታለን።

ወንድሜ መጽሐፍ ጠራዥ ነው። የቤቱ የፊት ክፍል፣ መንገድ ዳር ያለው፣ የሥራ ቦታው ነው። ጀርባቸው የተገነጠለ የትምህርት ቤት መዝገቦች፣ የጠበቆች ዶሴ፣ ሰው ከአባቱ የወረሰው አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ እዚያ ይመጣል። እሱ ይሰፋል፣ ይለጥፋል፣ በመጭመቂያው ያስራል። እኔ ባሌ ከሞተ በኋላ ከኋላ ያለችውን ትንሽ ክፍል ለቀቁልኝ። ልጅ የላቸውም። ሦስት ነበርን፤ ሦስቱን ልብ በሉልኝ።

ሰውየው በቁሙ ያልቅ ጀመር። ሆዱ ይነፋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ፊቱ የድሮ ወረቀት ይመስላል። በየወሩ ቀበቶውን ያመጣና በዚያው መጽሐፍ በሚበሳበት ወስፌ አዲስ ቀዳዳ ይበሳበታል። «ቀበቶዬን እየጠረዝኩት ነው» ይላል። ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስንንከራተት ሁለት ዓመት ሄደ። በመጨረሻ አንዲት የልጅ ልጄ የምታክል ዶክተር ደሙን መረመረች፣ ቱቦ በጉሮሮው አስገብታ ከአንጀቱ ቁራጭ ወሰደችና አስጠራችን።

«ሴሊያክ ይባላል» አለች። «ስንዴና ገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ለእኛ ምግብ ነው፤ የሳቸው አንጀት ግን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። ከዛሬ ጀምሮ አይቀምሱም፤ ዕድሜ ልክ።»

«ትንሽም?» አለች የወንድሜ ሚስት።

«ፍርፋሪም።»

«ይታያል?»

«ምኑ?»

«ይሄ ያሉት ነገር።»

«አይታይም።»

«ይሸታል?»

«አይሸትም፣ እናቴ።»

«ይበራል?»

ዶክተሯ ትንሽ አሰበች። «ዱቄት ሲሆን ይበናል። አየር ላይም ይቆያል።»

የወንድሜ ሚስት ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጠበቅ አደረገች፤ ከዚያ አንገቷን ቀስ ብላ አዞረችና ከወንበሯ ኋላ ያለውን ባዶ አየር አየች። ሻለቃ የተወለደችው በዚያች ደቂቃ ነው።

በዚያው ከሰዓት ዳቦው፣ ማካሮኒው፣ ብስኩቱ፣ የዱቄቱ ቆርቆሮ ከነክዳኑ ከቤት ወጣ። የእንጨት ማንኪያዎቹን ጓሮ ወስዳ አቃጠለቻቸው። «ስንጥቁ ውስጥ ይደበቃል» አለች። ለወንድሜ የራሱ ሳህን፣ የራሱ ድስት፣ እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ቢላዋ ሆነለት። መደርደሪያውን በሆምጣጤ አጠበችው፤ በሳሙና ደገመችው፤ በሆምጣጤ ሠለሰችው። ስንዴ የሚለውን ስም ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። «እሱ» ነበር የምትለው። ድስት አንስታ ታሸትና «እሱ እዚህ ነበር» ትላለች። መጋረጃው ሲወዛወዝ ዞር ትልና «እሱ ነው?» ትላለች። መጀመሪያ እንስቅ ነበር።

ጎረቤታችን ጡረተኛዋ አስተማሪ አንድ ቀን በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ መጣች። ሻለቃ በሩ ላይ አገኘቻት።

«ለበሽተኛው ኬክ ቢጤ ጋግሬ ነው።»

«ሳህኑን መሬት አስቀምጪውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ።»

«ኸረ! ምነው፣ ቦንብ ነው እንዴ?»

«ቦንብስ ይጮሃል» አለች ሻለቃ።

አስተማሪዋ ኬኳን አቅፋ እየተሳደበች ተመለሰች። በሳምንቱ ግን ባዶ እጇን መጥታ በሩ ላይ ቆመችና እጆቿን ወደ ላይ አነሳች። ሻለቃ በልብስ ብሩሽ ከአንገቷ እስከ ጫማዋ ጠረገቻትና «ግቢ» አለቻት። የማዕዘኑ ዳቦ ጋጋሪ ግን እስከ ዛሬ ደጃችንን አላለፈም። ሰላምታውን ከመንገድ ማዶ በእጁ ነው የሚሰጠን፤ ምስኪን ሰው።

ሠርግ ስንጠራ ምግቡን በሣጥን ቋጥራ፣ ሹካውን በመሐረብ ጠቅልላ ትሄዳለች። ወንድሜ እስኪበላ ከወንበሩ ኋላ ቆማ ግራና ቀኝ ታያለች። አንድ የሙሽራው ዘመድ ጎንበስ ብሎ «እኚህ ሰውዬ ባለሥልጣን ናቸው?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ፣ ግን ሥልጣኑ የሷ ነው» አልኩት።

እኔንስ ትምረኛለች? ከውጭ በገባሁ ቁጥር ኮሪደሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እጅዎን ያሳዩኝ፣ እትዬ።»

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ እንደ ተማሪ እጄን እዘረጋለሁ። መዳፌን ታያለች፣ ታገላብጠዋለች፣ ጥፍሬ ሥር ትመለከታለች።

«እስቲ እፍ ይበሉብኝ።»

እፍ እላለሁ። ዳቦ ሲያምረኝ ሻይ ቤት ሄጄ በልቼ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ልብሴን አራግፌ ነው የምመለሰው። አንዲት ፍርፋሪ እዚያ ቤት ይዤ አልገባሁም። ይህንን በማተቤ እላችኋለሁ፤ ቀጥሎ የመጣውን ስትሰሙ ትፈልጉታላችሁና።

ወንድሜ አልዳነም።

እንዲያውም አንድ ሳምንት ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር፤ እዚያ አማረበት። ፊቱ ደም ዘለቀው፣ ሆዱ ረጋ፣ ነርሶቹን ሲያስቅ ሰነበተ። ቤት ገባ፤ ሥራው ላይ ተቀመጠ፤ በአሥረኛው ቀን እንደገና ወደቀ። ከዶክተሯ ፊት ሦስታችን ተደርድረን ተቀመጥን።

«ደማቸው አይዋሽም» አለች። «አሁንም እየበሉ ነው።»

«ማን ነው የሚያበላው?» አለች ሻለቃ።

«እሱን እኔ ማወቅ አልችልም። ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ አለ ማለት ነው። ደግሞ በቶሎ ፈልጉት። እንዲህ ከቀጠለ አንጀታቸው ወደማይመለስበት ይደርሳል፤ ክፉ ዕጢም ሊመጣበት ይችላል።»

ወደ ቤት አመራን። መኪና እስኪያልፍ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ሻለቃ ዞር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን አልነቀለችም። እኔም ሒሳቡን በልቤ አደረግኩት። አንዱ በሽተኛው ነው። አንዷ ጠባቂዋ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ያስፈራኝ ጀመር። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፤ ቤታችን ምንም፣ ምንም አይሸትም ነበር። ሰው የሚኖርበት ቤት አንድ ነገር ይሸታል። የእኛ ግን እንደ ታጠበ ጠርሙስ ሆኖ ነበር። ሻለቃ ስትራመድ መሐል መንገድ ቀጥ ትልና ጆሮዋን ታቀናለች። ምን እንደምትሰማ አትናገርም። በጠራራ ፀሐይ መብራት ሁሉ አብርታ ትውላለች። እኔም ሳላውቀው ወንበር ላይ ከመቀመጤ በፊት በእጄ መዳሰስ ጀመርኩ።

ምልክቱን መጀመሪያ ያየችው ሬዲዮው ላይ ነው። ሬዲዮው ጥቁር ነው። ከቁልፉ አጠገብ ነጭ፣ የደረቀ፣ ሳንቲም የሚያክል ነገር አለ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የሰው አውራ ጣት ቅርጽ ነው። እባብ ቆዳውን እንደሚጥል አንድ ሰው ጣቱን አውልቆ እዚያ የተወው ይመስል ነበር።

በማግሥቱ የመጸዳጃ ቤቱ እጀታ ላይ አገኘች። ከዚያ በወንድሜ የውሃ ብርጭቆ ጎን ላይ። በቢላዋ ጫፍ ፍቃ ውሃ ውስጥ ጣለችው። ውሃው ትንሽ ቆየና እንደ ወተት ደፈረሰ።

«እሱ ነው» አለች። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው። «እትዬ፣ ጣት አብቅሏል።»

ከፊት ክፍል የወንድሜን ጥቁር የሽፋን ጨርቅ አመጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ የወንበሮቹ ክንድ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ አነጠፈችው። ቤታችን ለቅሶ የተቀመጠ መሰለ። ከቁርስ በፊት እየዞረች ታያለች። አንዳንድ ጨርቅ ላይ ምንም የለም። አንዳንዱ ላይ አለ። ሁልጊዜ አውራ ጣት ብቻ ነው፤ ሌላ ጣት፣ መዳፍ፣ ተረከዝ አታገኝም። አውራ ጣት ብቻውን ቤቱን ሲዞር የዋለ ይመስል።

አንድ ጠዋት ወንድሜ ሆዱን ይዞ በተኛበት የማኅተም ቀለሙን ከሥራ ክፍሉ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አጠገቡ ነጭ ወረቀትና የወንድሜ ማጉያ መነጽር አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እትዬ። አውራ ጣትዎን።»

«አሁንስ አበዛሽው!»

«ካልሆኑ ምን ያስፈራዎታል?»

ሰጠኋት። ወረቀቱ ላይ ተጭና ስታነሳው ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ የመሰለ ክብ በክብ ወጣ። ከጨርቁ ጋር አስተያየችው። ማጉያውን አቀረበች፣ አራቀች፣ እንደገና አቀረበች። ከዚያ የራሷን ጣት ቀለም ነክራ አተመች። እሱንም አየች። ንጹሕ መሆኔን እያወቅኩ ፈራሁ። ሰው ሲጠረጠር እንዲህ ነው ለካ።

ሻለቃ ቀና አለች። ማጉያውን ብቻ ዘረጋችልኝ።

ጎንበስ ብዬ ጨርቁ ላይ ያለውን ነጭ ጣት አየሁ። ቅርጹ የጣት ነው። ውስጡ ግን ባዶ ነው። አንዲት መስመር የለበትም፤ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው።

«የእርስዎ አይደለም» አለች በሹክሹክታ። «የእኔም አይደለም። እትዬ… ይሄ የሰው አይደለም።»

የወንድሜን ጣት እናትም ብለን አንዳችንም አላሰብንም። ማን የተመረዘውን ሰው ይጠረጥራል?

በሁለተኛው ቀን ወደ ክፍሌ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ዓይኗ ከእኔ ላይ ሳይሆን ከግድግዳው ላይ ነው።

«እትዬ፣ ለትንሽ ጊዜ የእህትዎ ልጅ ጋ ቢሰነብቱ? እርስዎን ጠርጥሬ አይደለም። ግን አንድ ሰው ሲቀነስ… ምናልባት…»

«ገባኝ» አልኳት። አልተቀየምኳትም ብል ውሸት ነው። ግን እጇን አየሁት፤ ከሆምጣጤና ከሳሙና ብዛት ቆዳዋ ተልጦ ቀልቷል። ልብሴን በአንዲት ሻንጣ ከተትኩ። ለካ የሰው ኑሮ አንዲት ሻንጣ ናት።

ወንድሜን ልሰናበት ወደ ፊት ክፍል ገባሁ። እዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ከተቀመጥኩ ወራት ሆኖኝ ነበር። የትምህርት ቤት መዝገብ እየጠረዘ ነው፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ እጁ ግን ሥራውን አልረሳም።

«ሻንጣ ምንድን ነው?»

«ሻለቃ የዝውውር ደብዳቤ ሰጠችኝ።»

«እንዴት ሆኖ! ተቀመጪ እዚህ። እኔ አናግራታለሁ።»

«ተዋት። ላንተ ብላ ነው።»

«ለእኔ ብላ ስንቱን ልታባርር ነው? ነገ ደግሞ እኔን ለእኔ ብላ ታባርረኛለች።»

እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ እኔም ዝም ብዬ አየሁት። ልጅ ሆነን ሲጽፍ እንደማየው ነበር የማየው። ምላሱን በአውራ ጣቱ ይነካል፣ የመዝገቡን ቅጠል ይገልጣል። ምላስ፣ ቅጠል። ምላስ፣ ቅጠል። ከዚያ ብሩሹን ያነሳል፣ ሙጫ ይቀባል፣ በአውራ ጣቱ ዳር እስከ ዳር ይጫነዋል፣ ትርፉን ወደ ሽርጡ ይጠርጋል። ከዚያ እንደገና፤ ምላስ፣ ቅጠል። ጣቱ እንደ ተወለወለ ድንጋይ ያበራል።

ያን ጊዜ የመታወቂያው ነገር ትዝ አለኝ። የዛሬ ስንት ዓመት መታወቂያ ልናወጣ አብረን ሄደን ጸሐፊው ጣቱን ሦስት ጊዜ ቢያትመው ሦስት ጊዜ ነጭ ሆነ። «አባቴ፣ አሻራ የለዎትም እኮ! ወረቀቱ በልቶታል። በሕግ አነጋገር እርስዎ የሉም» አለው። እስከ ቤት ድረስ በሳቅ ነበር የተመለስነው። አሁን ግን ያ ሳቅ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ በጀርባዬ ወረደ።

«ወንድሜ» አልኩት፣ «ሙጫው ከምንድን ነው?»

«የትኛው?»

«ይሄ የምትለጥፍበት።»

«ያው ከዱቄት ነዋ። እሷ አይደለች በየጠዋቱ…»

ምላሱ እንደወጣ ቀረ። ጣቱ ከምላሱ አንድ ስንዝር ላይ ቆመ።

በጠረጴዛው ሥር ጆንያው አለ። ሁልጊዜም ነበር። ላዩ ላይ በሻለቃ የእጅ ጽሑፍ «ለሙጫ» ተብሏል። እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያንን ጆንያ ዱቄት ብሎ የጠራው ሰው የለም። «የሙጫው» ነው የሚባለው። የዱቄቱን ቆርቆሮ ወደ ውጭ ስትጥል ያንን ጆንያ በእግሯ ተሻግራው ነው የሄደችው። የማይበላ ነገር ለእሷ እህል አይደለም፤ ለማናችንም አልነበረም።

በሩ ተከፈተና ሻለቃ ትኩስ ድስት በጨርቅ ይዛ ገባች።

«ሙጫው ደርሷል። ከመቀዝቀዙ በፊት…» አየችን። «ምን ሆናችኋል?»

ከወንበሬ ተነሳሁ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«እጅሽን አሳዪኝ።»

መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ የበቀል ቀልድ መስሏት። ድስቱን አስቀመጠችና ሁለት እጇን ዘረጋችልኝ። ስታማስል የተረጨው እስከ አንጓዋ ድረስ ነጭ ሆኖ ደርቆባታል። በጣቶቿ መሐል ዱቄቱ አለ። ድስቱ ውስጥ ሙጫው ገና እየፈላ ቡፍ፣ ቡፍ ይላል።

እጇን አየች። ድስቱን አየች። ጆንያውን አየች፤ የራሷን ጽሑፍ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው። ከዚያ የባሏን አውራ ጣት አየች። እጇን እንደተዘረጋ ይዛው ከክፍሉ ወጣች፤ የሌላ ሰው እጅ እንደተሸከመች ሁሉ።

ጆንያውን ወንድሜ ራሱ ጎትቶ አወጣው። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተዘጋጀ ሙጫ በባልዲ ገዛ፤ ኮምጣጣ ይሸታል፣ ቤቱም በመጨረሻ አንድ ነገር ሸተተ። ጣቱን በእርጥብ ስፖንጅ እየነካ ቅጠል መግለጥ ተማረ፤ ምላሱን ባወጣ ቁጥር ራሱን በእጁ ጀርባ ይመታል። የእኔ ሻንጣ ተፈታ። በሦስተኛው ወር ዶክተሯ የደሙን ውጤት አይታ በደስታ ከወንበሯ ተነሳች። ቀበቶው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ወንድሜ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይመለስባቸው ጀመር።

ሻለቃ ግን ሥልጣኗን አስረከበች።

እጇን ሁልጊዜ በሽርጧ ኪስ ትከታለች። ወጥ ቤት አትገባም። «እርስዎ ይሥሩለት፣ እትዬ። የኔ እጅ…» ትላለች፣ አትጨርሰውም። ሩዙንም ድንቹንም እኔ እቀቅላለሁ፤ እሷ ከሩቅ ቆማ ታያለች። ስትበላ አላየኋትም። ጎረቤታችን አስተማሪዋ መጥታ እጆቿን አንስታ በሩ ላይ ቆመች፤ የሚጠርጋት ጠፋ።

«ምነው፣ እኔን የሚፈትሽ የለም?» አለች። ቅር ብሏት ነበር።

«ግቢ» አለች ሻለቃ ከወንበሯ ሳትነሳ።

ወንድሜ የቻለውን ሞከረ። «ክብርት ሻለቃ፣ እኔ እኮ ጫማዬን እንኳ አላራገፍኩም! ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሜ ነው የመጣሁት! ተንፍሼ ነው የመጣሁት!»

«እሺ» ትለዋለች።

እሺ! ሠላሳ ዓመት ለማንም እሺ ብላ የማታውቅ ሴት። ከመጮኋ ይልቅ ያ እሺታ ነው ያስፈራኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። የቀድሞው ጸጥታ አንድ ነገር የሚጠብቅ ጸጥታ ነበር፤ ይሄኛው ግን የሚጠብቀው አጥቶ ነው። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ደርሼ ሳላስበው ዕቃዬን አስቀመጥኩና ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ማንም የለም። በሯ ገርበብ ብሏል፤ አልጋዋ ጫፍ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። እዚያ ኮሪደር ላይ እጄን ዘርግቼ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እንግዳ ሰው ቢያየኝ ለምጽዋት የቆምኩ ይመስለው ነበር፤ አልተሳሳተም።

«እህቴ» አለኝ ወንድሜ በዚያው ሰሞን፣ መጭመቂያውን እያጠበቀ። «እኔ ዳንኩ። እሷ ግን በእኔ ፋንታ እያለቀች ነው። ምን ላድርግ? ‹ሠላሳ ዓመት መርዝ ሳበስልልህ ኖርኩ› ነው የምትለኝ። ስንት ጊዜ ልማልላት?»

መሐላ እንደማይሠራ ገባኝ። ይቅርታም አይሠራም፤ ይቅር የሚባል ነገር አልሠራችማ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፖሊስ የሚታመመው ሌባ ሲጠፋ ነው።

ወደ ሱቁ ሄድኩ።

«ብስኩት ስጠኝ።»

«የትኛውን፣ እማማ?»

«በጣም ስንዴ የሆነውን።»

ባለሱቁ ግር ብሎት አየኝና ቀይ ፓኬት አወጣልኝ። በፌስታል አስጠቀለልኩት፤ በሌላ ፌስታል አስደገምኩት፤ በሦስተኛ አሳሰርኩት። ወንድሜ የሚደርስበት ቦታ እንዳይደርስ ከደረቴ አስጠግቼ ወደ ክፍሌ ገባሁና ትራሴ ሥር ጫፉን አውጥቼ ደበቅኩት። ዕውር እንኳ የሚያየው አደባበቅ ነው። ሌብነት አልለመድኩም።

አንድ ቀን ጠበቅኩ። አልመጣችም። በሁለተኛው ቀን ወደ መስኮቱ አዛወርኩት፤ ቀዩ ወረቀት በፌስታሉ ውስጥ እንዲያበራ መጋረጃውን ገለጥ አደረግኩለት። በኮሪደሩ አለፈች። እግሯ ትንሽ ዘገየ። ግን አለፈች። ያን ዕለት ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አልቅሼም ፊቴን ታጠብኩ።

በሦስተኛው ቀን በሬን በርግጄ ከፈትኩና አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ፌስታሉን ማንኮሻኮሽ ጀመርኩ። ቀስ ብዬ። ከዚያ ጠንከር አድርጌ። ከማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ደግሞ አንኮሻኮሽኩ። እርምጃ መጣ፣ ኮሪደሩ መሐል ላይ ቆመ። ዓይኔን ሳላነሳ ጆሮዋን ስታቀና ታየኝ። እግዜር ያውቃል፣ እንዴት ናፍቆኝ ነበር ያ መቆም!

«ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም» አልኩና ከጀርባዬ ደበቅኩት።

«ምንድን ነው እሱ አልኩ!»

እጇ ከኪሷ ወጣ። ነጠቀችኝ። የመጀመሪያውን ፌስታል ፈታች፣ ሁለተኛውን ፈታች፣ ሦስተኛውን ፈታች። ቀዩን ፓኬት አገላብጣ አየችው፤ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ሁለቱን ጫፍ። ዓይኗ ከፓኬቱ ወደ እኔ መጣ፤ እኔ ላይ ቆየ።

ከዚያ ጮኸች።

«አንቺ!» አለች። ከተዋወቅን ጀምሮ «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት፣ «አንቺ አሮጊት ሌባ! እኔ ሰው አለኝ ብዬ፣ እህት አለችኝ ብዬ ትንሽ ዓይኔን ብከድን! ሰውየውን ልትጨርሺው ነው? ከእንግዲህ ይቺ ክፍል በር የላትም! ትራስሽንም እፈትሻለሁ፣ ጫማሽንም እፈትሻለሁ፣ ሕልምሽንም እፈትሻለሁ! ነይ ተነሺ! እጅሽን!»

ከፊት ክፍል የወንድሜ መዶሻ ቆመ። ከዚያ ሳቁ መጣ፤ ሳል እስኪያንቀው የሚስቀው የድሮው ሳቁ።

ክንዴን ይዛ እስከ ቧንቧው ጎተተችኝ። ሳሙናውን አነሳችና ራሷ ታጥበኝ ጀመር፤ መዳፌን፣ የእጄን ጀርባ፣ በጣቶቼ መሐል፣ አንድ በአንድ፣ እናት ልጇን እንደምታጥብ። እየተራገመች ታጥበኛለች። ውሃው በሁለታችንም እጅ ላይ ይወርዳል፤ የማን እጅ የማን እንደሆነ በአረፋው ውስጥ አይለይም። ቀና ብዬ ሳያት ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ስድቧን ግን አላቆመችም። እኔም አልተከላከልኩም፤ ይገባኛል አልኳት፣ ሌባ ነኝ አልኳት፣ ጠበቅ አድርገሽ እጠቢኝ አልኳት።

ፓኬቱ አልተከፈተም ነበር። ሦስቱን ፌስታል በእጇ የፈታችው እሷ ናትና፣ እሷም ይህንን ታውቃለች።